የእስረኛ «እሺ» በመድረክና በችሎት

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል የአገራችን ተረት። ነገር ግን በሩ ተዘግቶ ቁልፉ በጠያቂው እጅ በሆነበት ቦታ የሚነገር «እሺ» ዋጋው ምን ያህል ነው? የአንጎል ሳይንስ በሕግና በሥነ ምግባር ላይ ካነሣቸው ጥያቄዎች ለተውኔት እጅግ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ተውኔት ከጥንት ጀምሮ የሚመላለሰው በፈቃድና በግዴታ መካከል ነውና።

ጥያቄውን ወደ ብዙኃኑ ካደረሱት የኪነ ጥበብ ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው ኬን ኬሲ በ1962 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። ኩኩ የወፍ ስም ሲሆን በአሜሪካውያን የዘወትር አነጋገር እብድ የሚል ፍችም አለው። ድርሰቱን ዴል ዋሰርማን በ1963 ለመድረክ አዘጋጀው፤ ትውልደ ቼክ የሆነው ሚሎሽ ፎርማን በ1975 በፊልም ሠራው፤ ፊልሙም አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች አገኘ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኦሪገን ግዛት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። ማክመርፊ የተባለ እስረኛ ከእርሻ የጉልበት ሥራ ለማምለጥ እብድ መስሎ ይገባል፤ ከዋናዋ ነርስ ከራቸድም ጋር ይጋጫል። እርሷ ያሸማቀቀችው አንድ ወጣት ሕመምተኛ ራሱን ሲያጠፋ ማክመርፊ አንገቷን ያንቃል። ከዚያም ሎቦቶሚ የሚባለው ቀዶ ጥገና ይደረግበታል፤ ይኸውም የአንጎልን የፊት ክፍል ከሌላው የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች መቁረጥ ነው። በድን ሆኖ ሲመለስ ወዳጁ ብሮምደን በትራስ አፍኖ ይገላግለውና በመስኮት ያመልጣል።

የሥራው ከፍተኛ ቦታ ግን ይህ ፍጻሜ አይደለም። ማክመርፊ ከጓደኞቹ ብዙዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው የገቡ፣ በፈለጉም ጊዜ ሊወጡ የሚችሉ መሆናቸውን የሚሰማበት ትዕይንት ነው። ይደነግጣል። መውጣት ሲችሉ የማይወጡት ስለ ምንድን ነው? ፊርማቸው የራሳቸው ነው፤ እነርሱ ግን የራሳቸው አይደሉም። ደራሲው በዚህች ቅጽበት ፊርማና ፈቃድ አንድ አለመሆናቸውን ያለ ስብከት አሳይቷል።

ጉድለቱ የጨበጠውን ክር መልቀቁ ነው። ቀዶ ጥገናው ከተመልካች ዓይን ውጭ ይፈጸማል፤ ሲወሰን አይታይም፤ ሕመምተኛው ሲጠየቅም አይሰማም። ቅጣት ብቻ ሆኖ ይመጣል። በልብ ወለዱ ተራኪው ብሮምደን ስለሆነና ዓለምን ሁሉ እንደ አንድ ታላቅ መኪና ስለሚያይ፣ ነርሷ የመኪናው አንድ ጥርስ ብቻ ናት። ፊልሙ ይህን ድምፅ ሲያስወግድ ግን ጥፋቱ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ወደቀ። ተመልካችም እርሷን ጠልቶ፣ ልቡ ቀሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእውነተኛው ታሪክ አስፈሪነት በበጎ ሐሳብም መፈጸሙ ነው። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋሽ ሞኒሽ በ1935 በሊዝበን ሥራውን የጀመረው መድኃኒት ለታጣለት ሕመም እፎይታ ፍለጋ ነበር፤ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አሜሪካዊው ዋልተር ፍሪማን በ1946 መሣሪያን በዓይን ጉድጓድ በኩል የሚያስገባ አጭር ዘዴ ይዞ በየሆስፒታሉ ተዘዋወረ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የጆን ኬኔዲ እኅት ሮዝሜሪም በ1941፣ በ23 ዓመቷ፣ ይሻላታል ተብሎ በአባቷ ውሳኔ ቀዶ ጥገናው ተደረገባት። በወጉ መናገርና መራመድ ተስኗት እስከ 2005 በሰው እጅ ኖረች።

ደራሲው የለቀቀውን ክር ያነሣው መድረክ ሳይሆን ችሎት ነው። ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1973፣ በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት ከተማ የአንድ ሰው ጉዳይ ቀረበ። ሰውየው ከ1955 ጀምሮ በሕግ ተገዶ በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ተይዞ ነበር። ሐኪሞች የኃይለኝነቱን ምንጭ ከአንጎሉ ውስጥ ለማጥፋት የሙከራ ቀዶ ጥገና አሰቡ። ተጠየቀ፤ ፈረመ። ወላጆቹ ተስማሙ፤ ሁለት ኮሚቴዎችም መርምረው አጸደቁ። በወረቀት የጎደለ ነገር አልነበረም።

ዳኞቹ ግን ሦስት ነገር መረመሩ፤ ሰውየው ለመወሰን ብቃት አለውን? በቂ ዕውቀትስ አለውን? ፈቃዱስ ነጻ ነውን? ሐኪም ፈቃዱን መጠየቁ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነበት ሰውየው ራሱ መስክሯል። ከዓመታት ዝምታ በኋላ የተጠየቀ፣ መውጫውም በጠያቂዎቹ አስተያየት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለአደገኛና ለማይመለስ ሙከራ ነጻ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም ሲሉ ፈረዱ። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ሐሳብን የማፍለቅ ነጻነትን እንደሚያካትትም አስረዱ። እዚህ ክፉ ነርስ የለችም። ግጭቱ በሙሉ በአንድ ቃል ውስጥ ነው። ተውኔት ይሏል ይህ ነው!

ክፉ ሐኪምን ብቻ የሚያሳይ ድርሰት ሌላም ጉዳት አለው፤ የታማሚውን ተስፋ ይሸፍናል። በ1987 በፈረንሳይ ግሬኖብል አሊም ሉዊ ቤናቢድ የጀመሩት በአንጎል ውስጥ በተቀበረ ሽቦ ኤሌክትሪክ የመስጠት ሕክምና የብዙ ፓርኪንሰን ሕመምተኞችን መንቀጥቀጥ አስታግሷል። የሚያስፈልገው እንግዲህ ሐኪምን መጥላት ሳይሆን «እሺ»ን መመርመር ነው።

ጥያቄው ዛሬ ከሆስፒታሉ ግንብ ውጭም ወጥቷል። ቺሌ በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንጎል እንቅስቃሴና ከእርሱ የሚገኝ መረጃ እንዲጠበቅ ደነገገች። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በራስ ላይ የሚጠለቅ የአንጎል መለኪያ የሚሸጥ ኩባንያ ከአንድ የቀድሞ ሴናተር የሰበሰበውን መረጃ እንዲያጠፋ አዘዘ። ይህ ሰው እስረኛ አልነበረም፤ ዕቃውን ለመጠቀም ሲል በውሉ የተስማማ ገዢ ነበር።

የኬሲ ሥራ ሎቦቶሚን በብዙዎች ዘንድ አስጠልቷል፤ ይህ ውለታው አይካድም። በዚህ ጭብጥ ላይ ብዕሩን የሚያነሣ ጸሐፌ ተውኔት ግን ከዚያ አልፎ ይሂድ። ነርሷን ደግ፣ ሐኪሙን ቅን፣ ወረቀቱንም የተሟላ ያድርገው። ከዚያ በኋላ ብዕሩንና የበሩን ቁልፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰውየውን ያስፈርመው። ተመልካቹ ያን ጊዜ የሚጠላው ሰው አጥቶ፣ የ«እሺ»ን ዋጋ ራሱ መመዘን ይጀምራል።