ኦቦክን ከፎገራ ሲያዩት፦ የይፋግ ገበያና የፈረንሳይ የቀይ ባሕር ቅኝ ግዛት

የጅቡቲ ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ባሕር ነው። ስምምነት ይፈረማል፣ መርከብ ይመጣል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ከዚያ ነጋዴው ግመሉን ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። በዚህ አተራረክ ደጋው የመጨረሻ ምዕራፍ ነው፤ ዕቃ የሚራገፍበት፣ ጠመንጃ የሚሸጥበት ሩቅ አገር። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን ከሌላው ጫፍ፣ ከፎገራ ሜዳ፣ ይመለከታል። ፈረንሳዮች በቀይ ባሕር ዳርቻ ቦታ ሲፈልጉ መጀመሪያ ያማለላቸው የዳርቻው አሸዋ አልነበረም። ያማለላቸው ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከጎንደር እስከ ጎጃም የተዘረጋው የገበያ መስመር ነበር። በሕይወት የቀረው ቅኝ ግዛታቸው ግን ከዚህ መስመር ፊቱን አዙሮ ነው ያደገው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመስመሩ ላይ ከነበሩት ገበያዎች ዋነኛው ይፋግ ነው። ይፋግ ከዛሬዋ ወረታ በስተሰሜን፣ በሊቦ ከምከም ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከምጽዋ በዓድዋ በኩል ጎንደር የገባ ሲራራ ነጋዴ ወደ ደቡብ ሲቀጥል የሚያልፈው በዚህ ነበር። ከዚያ ወደ ጎጃም ይሻገራል፣ ባሶ ገበያ ይደርሳል፣ ከባሶ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩን አልፎ እናርያ ድረስ ይወርዳል። ሲመለስ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ይዞ ነው። ባሪያም ይነዳል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለዚያ ንግድ ብልጽግና መጻፍ ሐቁን መሸራረፍ ነው። ከባሕር ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ ኩል፣ ቁንዶ በርበሬና ብርጭቆ ነበር። በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል። ሜዳውም ኬላውም በደብረ ታቦር ለሚቀመጠው ገዥ ያድራሉ፤ ከ1831 ጀምሮ ይህ ገዥ ራስ ዓሊ ነበሩ።

መልክዓ ምድሩ ራሱ ንግዱን ያዛል። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ሜዳውን በከፊል ውኃ ይውጠዋል። ሲራራው መስከረም እስኪጠባ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ይቆማል። የክረምቱ ውኃ በበጋ ሣር ይሆናል፤ ሣሩ የፎገራን ላም ያሳድጋል፣ የነጋዴውን አጋሰስም ያሳርፋል። ይፋግ ለነጋዴ የተመቸችበት ምክንያት ከባሕር መቅረቧ ወይም መራቋ አይደለም። ከሰሜኑ ዳገት የወረደ በቅሎ ወደ ዓባይ በረሃ ከመግባቱ በፊት የሚያገግምበት ሜዳ ላይ መሆኗ ነው። ይህን የአውሮፓ ተጓዦች አይተውታል፤ ትርጉሙን ግን ብዙዎቹ አላጤኑትም። እነሱ የሚቆጥሩት የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ ነው፤ የሣሩን ነገር እንደ መልክዓ ምድር ውበት ያልፉታል።

የፈረንሳይ ዓይን በዚህ አካባቢ ያረፈው ግን ከራስ ዓሊ ዘመን በፊት ነው። ሐኪሙ ሻርል ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በ1699 ጎንደር ገባ። በማስታወሻው ከጎንደር በስተደቡብ ያለችውን እንፍራንዝን ይገልጻል፤ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚያከብሩባት፣ ጥርኝ የሚረባባት ከተማ ናት። አንድ ነጋዴ እስከ 300 ጥርኝ ሊኖረው እንደሚችል፣ በሳምንት ሦስት ቀን የበሬ ሥጋ፣ በቀረው ቀን የወተት ገንፎ ቢጤ እንደሚመገቡ ጽፏል። ዝባዱ በበሬ ቀንድ እየታሸገ የሚሸጥ ውድ ሸቀጥ ነበር። ቁጥሩን እንዳለ መቀበል ባያስፈልግም የቀለቡ ዝርዝር ያስተምራል። ለሦስት መቶ እንስሳ ሥጋና ወተት የሚያቀርብ ሰው ከኋላው ከብት ያለው አገር አለ ማለት ነው። ለፓሪስ ሽቶ ቀማሚ በሚደርሰው ዝባድ ውስጥ የጣና ዳር ላም ድርሻ ነበራት። ከፖንሴ በኋላ የተላከው የፈረንሳይ መልእክተኛ ዱ ሩል ግን ጎንደር አልደረሰም፤ በ1705 ስናር ላይ ተገደለ። የፈረንሳይ የንግድ ምኞትም ከመቶ ዓመት በላይ ተዳፈነ።

ምኞቱ እንደገና ያንሰራራው በ1830ዎቹ ነው። ኤድሞን ኮምብና ሞሪስ ታሚዚዬ ከ1835 እስከ 1837 አገሩን ተዘዋውረው አዩ፤ የጉዟቸውን መጽሐፍ በ1838 አሳተሙ። በዚያው ዓመት ወንድማማቾቹ አንቷንና አርኖ ዳባዲ ምጽዋ ወረዱ፤ ከአሥር ዓመት በላይም ቆዩ። አንቷን ስለ ይፋግ፣ ስለ ባሶና ስለ ነጋዴዎቹ መንገድ የሰበሰበው መረጃ እስካሁን ከምንጮች ሁሉ የላቀ ነው። ሰውየው በራሱ ዓይን ያላየውን አገር እንኳ ከነጋዴዎች አንደበት እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ትችት አለኝ። ነጋዴዎቹ በጽሑፎቹ ውስጥ መንገድ ጠቋሚ፣ የቀን ጉዞ ቆጣሪ ሆነው ይቀርባሉ እንጂ የራሳቸው ስሌት ያላቸው ባለሙያዎች ሆነው እምብዛም አይታዩም። አንድ ጎንደሬ ነጋዴ በይፋግ አሞሌ ጨው ሲገዛ፣ ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር የአሞሌው ዋጋ እንደሚጨምር ያውቃል። ስንቱን እዚህ ዘርዝሮ ስንቱን ለባሶ እንደሚያቆይ ያሰላል። ጥሬ ብሩንም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የማርያ ትሬዛን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣብ ቆጥሮ ያልተሟላውን ይመልሳል። ይህን ልማድ አንዳንድ ፈረንጆች እንደ አጉል እምነት አሹፈውበታል። ተቆጣጣሪ ባንክ በሌለበት አገር ሐሰተኛና የተፋፋቀ ገንዘብ የሚለይበት መንገድ እንደነበር ግን ግልጽ ነው።

ኮምብ ያየውን ገበያ በባሕር በኩል ለመያዝ ሞከረ። በ1840 ናንቶ-ቦርደሌዝ የተባለው ኩባንያ በእሱ አማካይነት ከምጽዋ በስተደቡብ ያለችውን ኤድን ገዛ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በኒውዚላንድ አካሮዋ ላይ ፈረንሳውያንን ያሰፈረው ነው፤ ማለትም የኤድ ግዥ ለብቻው የተደረገ ጀብዱ አልነበረም። ኤድ ግን መልሕቅ የማይመችባት፣ ውኃ የሌላት፣ ከሁሉም በላይ የደጋው ሲራራ የማይወርድባት ቦታ ነበረች። ነጋዴው ቀረጡን፣ ደላላውንና ባለውለታውን የሚያውቀው ምጽዋ ነው። ባዶ ዳርቻ ላይ ባንዲራ ስለተተከለ መንገዱን አይቀይርም። ቅኝ ግዛት ፈላጊው ወደብ ገበያን የሚጠራ መሰለው፤ በዚህ አገር ግን ወደብን የሚጠራው ገበያ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የዙላ ሙከራም ያው ሰሜናዊ ሕልም ነው። በ1859 የትግራዩ ደጃዝማች ንጉሤ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ለሚያደርጉት ፍልሚያ ድጋፍ ለማግኘት ሲሉ፣ ዙላን ለፈረንሳይ ለመስጠት ተስማሙ። በ1861 በቴዎድሮስ ተሸንፈው ሲገደሉ ውሉም አብሮ ወደቀ።

በዛሬዋ ጅቡቲ ዳርቻ ያለችው ኦቦክ የተገኘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጋቢት 1862 ፓሪስ ላይ በተፈረመ ውል የአፋር አለቆች ኦቦክን በ10,000 ብር ለፈረንሳይ ሸጡ። ብሩ ያው የማርያ ትሬዛ ብር ነው፤ በይፋግ ገበያ ዝባድና ቡና የሚገዛበት። የይፋግ መዘርዘሪያ የነበረው አሞሌም የሚቆረጠው ከአፋር ቆላ ነው። የፎገራ ገበሬ ጨውን በእጁ ይዞ ሲገበያይና ፈረንሳይ ዳርቻውን ስትገዛ በአንድ የገንዘብ ሥርዓት ውስጥ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሥርዓቱን የሠሩት ግን ፓሪስም አልነበረችም፣ ደብረ ታቦርም አልነበረችም። የቅኝ ግዛቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ውሉን ደጋግመው ሲጠቅሱ ይህን የጋራ ገንዘብ እንደ ተራ ነገር ያልፉታል። ለእኔ ግን ከውሉ አንቀጾች ይልቅ የሚናገረው የተከፈለው ብር ነው።

ከግዥው በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ኦቦክ ባለቤት እንደሌለው ቤት ተዘግታ ቀረች። የስዌዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ። ፈረንሳይ በ1884 ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች በኤደን ለጦር መርከቦቿ የድንጋይ ከሰል ነፈጉ። ያኔ ኦቦክ ታወሰች፤ ሌዎንስ ላጋርድም አስተዳዳሪ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ የነበረው የዕለት ኑሮ የከሰል ኑሮ ነው፦ መርከብ ይጠበቃል፣ ከሰል ይጫናል፣ እንደገና ይጠበቃል። ጉልበቱ የአፋር፣ የሶማሌና የየመን ሰዎች ጉልበት ነበር፤ ወተቱም ማገዶውም የሚመጣው ከአርብቶ አደሩ ነው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በዚህ ወቅት ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የኦቦክ ሹማምንት የመንግሥትን ገንዘብ በግብዣና በመጠጥ እንደሚጨርሱ ያላግጣል። ራምቦ ገለልተኛ ታዛቢ አልነበረም፤ የኦቦክ ጎረቤት በሆነችው ተጆራ ለወራት የተገታ የጠመንጃ ነጋዴ ነበርና ምሬቱ ከኪሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቢሆንም ትዝብቱ ይፋዊው ሪፖርት የማይነግረንን ይነግረናል፤ ቅኝ ግዛቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሸጠው ነገር አልነበረውም።

የሚሸጠውን ያገኘው ወደ ሸዋ ሲዞር ነው። ራምቦ በጥቅምት 1886 ከተጆራ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ጭኖ ተነሣ፤ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ያኔ ገና ንጉሠ ሸዋ፣ እሱ ባሰበው ዋጋ ሳይሆን በራሳቸው ዋጋ ገዙት፤ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳም ከሒሳቡ ቀነሱ። ይህን ታሪክ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንደ ባለቅኔው ውድቀት ያነቡታል። ከገበያ አንጻር ግን ያሸነፈው ደጋው ነው፤ ዋጋውን የቆረጠው ገዥው ነበር።

በዚያው ጊዜ የፎገራ መንገድ እየደረቀ ነበር። ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አቃጠሉ። ምጽዋ በ1885 በኢጣልያ እጅ ገባች። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ዘረፉ፤ ወዲያው ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ፣ የከብት በሽታውም በሬውን ፈጀ። ሜዳው ከብቱን ሲያጣ ይፋግን ለነጋዴ ያመቻት ነገር ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ አራሹም ነጋዴውም ባዶ እጁን ቀረ። በዚያው 1888 ፈረንሳዮች ከኦቦክ ባሻገር ጅቡቲን መሠረቱ። በ1896 ግዛቱ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ተብሎ መቀመጫው ጅቡቲ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት የባቡር ሐዲዱ ሥራ ተጀመረ። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአንዱ መነሣትና የሌላው መውደቅ በአንድ አሥርተ ዓመት መገጣጠሙ ብቻውን ምክንያትና ውጤት አያደርጋቸውም፤ ጎንደርን ጅቡቲ አላቃጠለችውም። ሐዲዱ ግን የሆነውን አጸናው። የሰሜኑ መስመር ቢያገግም እንኳ የቀድሞ ቦታውን አላገኘም፤ የጎንደርና የጎጃም ቡና፣ ቆዳና ሰም በጅቡቲ በኩል ለባሕር ይበቃ ዘንድ መጀመሪያ አዲስ አበባ መውረድ የግድ ሆነበት።

ስለዚህ የጅቡቲን ንግድ ለኢትዮጵያ ሁሉ የተከፈተ በር አድርጎ የሚያቀርበው የተለመደ ትረካ መታረም ይገባዋል። ለሐረር፣ ለድሬዳዋና ለሸዋ በር ነበረ። ለፎገራ ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመትና ከዚያ በላይ አጥር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና የመናዊው ነጋዴ ሐዲዱን ተከትለው ድሬዳዋና አዲስ አበባ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ የጣና ምሥራቅ ዳርቻ የሲራራ ነጋዴዎች አገር ሆኖ ቀረ።

ሜዳው ከጅቡቲ ጋር የተገናኘው በሌሎች እጅ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። ከወልዲያ ወደ ሚሌና ጋላፊ ሲወረድ ጅቡቲ ነው። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ወጣች። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ምጽዋንና አሰብን ሲዘጋ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ፤ ያ የቻይና መንገድም ሳይታሰብ የፎገራ የባሕር መንገድ ሆነ። ወረታ ላይ ዛሬ ደረቅ ወደብ አለ። ከሦስት መንገድ መገናኛዋ ላይ የሚያልፈው ተሳቢ መኪና የይፋግን ሥራ ይሠራል፤ ሣሩ ግን አያስፈልገውም።

በሣሩ ቦታ ሩዝ በቅሏል። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደርግ ጊዜ በሜዳው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያስተዋወቁት ሩዝ፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬት የገበያ መሬት አደረገው። አገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫውም እዚሁ ነው። ታዲያ የፎገራ ሩዝ ተፎካካሪ በጅቡቲ በኩል የሚገባው የእስያ ሩዝ ነው። የወረታ ፈታጊ ከገበሬው ጋር ሲከራከር የውጭው ሩዝ አዲስ አበባ ስንት እንደገባ ጠይቆ ነው የሚነሣው፤ ያ ዋጋ ደግሞ የመርከብ ኪራዩን፣ የወደቡን ክፍያና የምንዛሬውን ዋጋ በውስጡ ይዟል። የራስ ዓሊ ዘመን ነጋዴ የአሞሌውን ዋጋ ይፋግ ላይ ቆሞ ለባሶ ያሰላ ነበር። የዛሬው ገበሬ የሚሸጥበት ዋጋ ግን እሱ አይቶት በማያውቀው ወደብ ተሰልቶ ይመጣለታል።