አርታዒ የሌለው ደራሲ፦ ዴቭ ሲምና «ሴረበስ»

ኮሚክስ የሚባለውን፣ በሥዕልና በንግግር ተሰናስሎ የሚተረክ ድርሰት በሥነ ጽሑፍ መመዘኛ ለመመርመር የሚነሣ ሐያሲ ካናዳዊውን ዴቭ ሲምን ዘልሎ ማለፍ አይችልም። ሲም «ሴረበስ»ን በ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2004 በ300ኛው ቁጥር ፈጸመ፤ ጠቅላላው 6000 ገጽ ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለቤቱ ዴኒ ሉበርት አሳታሚ ነበረች፤ በኋላ ኃላፊነቱ የራሱ ሆነ። «ይህን አውጣ፣ ያን አስገባ» የሚለው አርታዒ አልነበረውም።

ባለታሪኩ አዋልዲጌሳ ነው። እኛ አገር በሌሊት ኩይሳ ሲምስ የሚያድረው ይህ እንስሳ ሰይፍ ታጥቆ ሲፎክር ማየት አንባቢያችንን ሳያስቅ አይቀርም። ድርሰቱ «ኮናን» በተባለው የጀብዱ ኮሚክስ ላይ በመሣለቅ ቢጀምርም፣ ብዙ ሳይቆይ ወደ ምርጫ፣ ወደ ሃይማኖትና ወደ ሥልጣን ተሻገረ።

በእኔ ግምት የላቀው ክፍል ከ1988 እስከ 1990 የወጣው «የጃካ ታሪክ» ነው። እዚህ ሴረበስ ወደ ዳር ይገፋል። ጃካ በመጠጥ ቤት እየጨፈረች ሥራ ፈት ባሏን ሪክን ታስተዳድራለች። በኦስካር ዋይልድ አምሳል የተቀረጸው ጎረቤቷ ደግሞ ልጅነቷን ባጌጠ ዝርው ይጽፋል። ስለዚህ አንባቢው ሁለት ጃካዎች ይገጥሙታል፤ አንዷ በቃላት የተዋበች፣ ሌላዋ በሥዕሉ ውስጥ ኑሮ የከበዳት። ጸሐፊው ታሪኩን የሰማው ከሪክ መሆኑን ስናውቅ «ተራኪው ይታመናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከቅርጹ ራሱ ይወለዳል። ከ1984 ጀምሮ መቼቱን የሣለው ገርሃርድ ለግድግዳውና ለደረጃው የሰጠው ክብደትም የቃላቱን ጌጥ ያጋልጣል።

በ1994 በወጣው 186ኛ ቁጥር ግን ሲም ሥዕሉን ገታ አድርጎ፣ ቪክቶር ዴቪስ በተባለ ተራኪ አፍ ሴቶችን የሚያንቋሽሽ ረጅም ሐተታ አስነበበ። ብዙዎች ከእርሱ ራቁ። ተማሪዎች «አስተሳሰቡን ትተን ጥበቡን ብቻ ብንመዝንስ?» ይሉኛል። አያስኬድም። ጉድለቱ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የአተራረክም ነውና። በጃካ ታሪክ ተራኪውን የሚፈትን ሥዕል ከጎኑ ነበር፤ በ186ኛው ተራኪውን የሚሞግተው የለም። ይህን ያህል ሰፊ ድርሰት እንዲጽፍ ያስቻለው ነጻነት፣ ሐተታው ድርሰቱን ሲውጠው የሚያስቆመው ሰው አሳጣው።

በመጨረሻው ቁጥር ሴረበስ አርጅቶ፣ ከአልጋው ወድቆ ብቻውን ይሞታል። ይህን የደራሲው የኋላ ምሬት የወለደው ፍጻሜ አድርጎ ማንበብ ይቀናል። ነገር ግን ብቻውን፣ የሚያለቅስለት ሳይኖር እንደሚሞት የተተነበየው ከ186ኛው ቁጥር ቀደም ብሎ፣ ጃካም ገና ታሪኳ ሳይጀመር ነበር።