ድሬዳዋ ድረስ ያለ ጭረት

ብስክሌት መኪና ላይ ሲጫን ሰው ሁሉ የሚፈራው መውደቁን ነው። ገመድ በገመድ ላይ ያስደርባል፣ ረዳቱን «ሳብ አድርገው እንጂ!» ይላል፣ ከዚያ ልቡ ያርፋል። እኔ ጋ ለጥገና ግን ወድቆ የተሰበረ ብስክሌት እምብዛም አይመጣም። የሚመጣው ሲፋተግ የዋለ ነው፤ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የወጣ፣ የጎማው ሽቦ በጎረቤቱ ፔዳል ሲመታ ውሎ የተጣመመ፣ ማርሹ አልይዝ ያለ። ስለዚህ ስጭን የምጠይቀው «ይወድቃል ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ሲወዛወዝ ምን ከምን ይነካካል?» ብዬ ነው።

ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የበለጠ ፈታኝ መንገድ አላውቅም። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ከነነፋሱ፣ ቀጥሎ መተሐራና አዋሽ ከነፀሐዩና ከነአቧራው፣ ከዚያ የጨርጨር ተራሮች ጠመዝማዛ፣ በመጨረሻም ቁልቢን አልፎ የደንገጎ ቁልቁለት። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ሰሞን ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መንገዱን ስለሚሞላው፣ መሄድና መቆሙ ብቻ ጭነት ያላላል።

ቦታ ካለ የእኔ ምርጫ የመኪናው ውስጥ ነው። የሚኒባሱን የኋላ ወንበር አውጥቼ፣ ጎማዎቹን ፈትቼ አስተኛዋለሁ። ወጣት ተወዳዳሪዎች ይሄን አይወዱትም። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተሳተፈበትን ቱር ደ ፍራንስ በቴሌቪዥን ያዩ ናቸው፤ እዚያ ብስክሌቶቹ በቡድኑ መኪና ጣሪያ ላይ ተሰልፈው ቆመው ይሄዳሉ። ብስክሌቶቹ ግን እዚያ የተሰቀሉት መንገድ ላይ ለተበላሸበት ተወዳዳሪ ቶሎ ለማቀበል ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ዕቃውን በአብዛኛው የሚያደርሰው የቡድኑ የጭነት መኪና ነው።

ሲተኛ ሁልጊዜ በግራ ጎኑ ይተኛ። ካቴናውና ማርሽ መቀየሪያው በቀኝ በኩል ናቸው። የኋላው መቀየሪያ የተንጠለጠለበት ትንሽ ቁራጭ አለ፤ አደጋ ሲመጣ ቴላዮውን አትርፎ እሱ እንዲታጠፍ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው። በዓይን የማይታይ መጣመም ይበቃዋል፤ ማርሹ ይዘላል፣ ሲብስም መቀየሪያው ወደ ጎማው ሽቦ ይገባል። ስለዚህ ከመጫኔ በፊት ማርሹን ወደ ትልቁ ጥርስ አመጣዋለሁ፤ ያኔ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ካለው ደግሞ ጎማው እንደወጣ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል የታጠፈ ካርቶን እሰካለሁ። አንድ ሰው ሳያውቅ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ካደረገው ሸራዎቹ ይገጥማሉ፤ ጎማው ተመልሶ አይገባም።

ፔዳል መፈታት አለበት፤ የጎረቤትን ሽቦ የሚያጣምመው እሱ ነውና። አዲስ ረዳት በመጣ ቁጥር ይሄው ነው፤ የቀኙን በቀላሉ ይፈታል፣ ግራው ላይ ሲደርስ በላብ ይጠመቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዝጓል። መዶሻ ይፈልጋል።»

«ወደ ሌላኛው አዙረው።»

የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው ሲነዳ እንዳይፈታ ተብሎ የተሠራ። ረዳቱ መፍታት መስሎት ሲያጠብቀው ነበር የቆየው።

ብስክሌቶቹ ብዙ ከሆኑ ከፖርቶ መጋላ ሌላ ምርጫ የለም። ረዳቶች ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው ማቆም ይወዳሉ። ለተራ ብስክሌት ችግር የለውም። የዘይት ፍሬን ያለው ግን ሲገለበጥ አየር ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል፤ ከወረደ በኋላ ቀጥ አድርጎ አቁሞ እጀታውን ደጋግሞ መጭመቅ ያስፈልጋል። እኔ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ እያደረግሁ አቆማቸዋለሁ፤ መሪ ከመሪ አይጋጭም። የማስረውም በሁለቱ ጎማዎችና ከኮርቻው በታች ነው። የካርቦን ቴላዮ ከሆነ የላይኛውን ቱቦ በቺንጊያ አላንቅም። ካርቦን ሰው ተሸክሞ ይሮጣል፣ ግድግዳው ግን ስስ ነው፤ ከጎን ሲጨመቅ ይሰነጠቃል።

ናይለን ገመድ ጠዋት ክር እስኪመስል ተወጥሮ ቀትር ላይ ይላላል። ከአሮጌ ከመነዳሪ በረጅሙ የተቆረጠ ጎማ ግን ሲወዛወዝ አብሮ ይሳባል፣ ይመለሳል፣ አይፍቅም። ነጭ ቀለም ላይ ጥቁር ምልክት ስለሚተው ከሥሩ ጨርቅ አደርጋለሁ። ጨርቁ ታዲያ ንጹሕ ይሁን። የአዋሽ አቧራ በገመድና በቀለም መካከል ከገባ ከዚያ በኋላ ያለው መወዛወዝ ሁሉ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው።

የጎማ አየር ነገር ላይ ብዙ ወሬ አለ። «ቆላ ስንወርድ ይፈነዳል» ይላሉ። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ራሱ ስለሚጨምር፣ ከፍታው ብቻ ቢሆን ጎማው እንዲያውም 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንስ ነበር። አደገኛው ፀሐይዋ ናት። ጠዋት በ20 ዲግሪ 100 ፒኤስአይ የተነፋ ጥቁር ጎማ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አዋሽ ላይ ወደ 113 ይደርሳል። ስለዚህ ከአየሩ ሲሶውን አወጣለሁ። ጨርሶ ማስተንፈስ ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ የጎማው አካል ሲሟሽሽ ማሰሪያው አብሮ ይላላል።

ሾፌሩን የምለምነው ስለ ፍጥነት ነው። ከ80 ወደ 100 ሲወጣ ነፋሱ ጭነቱን የሚገፋበት ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ 100 ማለት እንግዲህ ምንም አይመስልም። ከአዋሽ በኋላ ደግሞ ከፊት የሚመጣው የጫት አይሱዙ አለ፤ ሲያልፍ የሚለቀው ነፋስ ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል። አዳማ መውጫ ላይ ቆሜ ማሰሪያውን አንድ በአንድ በእጄ እነካካለሁ፤ ከሚላላው አብዛኛው የሚላላው እስከዚያ ድረስ ነው። አዋሽና አሰበ ተፈሪ እደግመዋለሁ። የመኪናው መሪ አጠገብም «ላይ ጭነት አለ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ሰው ደክሞት ሆቴል ሲገባ የበሩ ቁመት ትዝ አይለውም። ስትመለሱ ለጉምሩክ ኬላው የብስክሌቶቹ ደረሰኝ ይኑራችሁ። ከምሥራቅ የሚመጣ አዲስ የሚመስል ዕቃ ጥያቄ ያስነሳል።

ደንገጎ ስትደርሱ ልጆቹ «አውርዱንና ቁልቁለቱን በብስክሌት እንውረደው» ይላሉ። ሁልጊዜ ይላሉ፤ ቁልቁለቱ ያምራልና። እሺ አትበሏቸው። ተፈታቶ የተገጠመ ብስክሌት መጀመሪያ የሚነዳው ሜዳ ላይ ነው። ድሬዳዋ ግቡ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር አውርዱት፣ የጎማውን ማጥበቂያና የመሪውን ብሎን ፈትሹ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ጨብጡ፣ ማርሹን ሁሉንም ቀያይሩ። አየር የምትሞሉት ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ደንገጎን በማግስቱ ይውረዱት።