ጸሎት የሌለው ማኅበር

በኒውዮርክ ከተማ፥ ሴንትራል ፓርክ ከሚባለው ሰፊ መናፈሻ ምዕራብ በኩል፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1910 ዓ. ም. የተመረቀ አንድ የድንጋይ አዳራሽ ይገኛል። እሑድ እሑድ ሰዎች ተሰብስበው ንግግር ይሰማሉ፤ ሙሽሮች ይጋቡበታል፤ የሞተ ሰው ይታሰብበታል። ነገር ግን ጸሎት አይደረግበትም፤ የሃይማኖት ቃልም ከማንም አይጠየቅም። ሰው አባል የሚሆነው በመልካም ምግባር ለመኖር በመጣሩ ብቻ ነው። ማኅበሩ ኤቲካል ከልቸር ይባላል፤ የግብረ ገብ ማኅበር ብንለው ከትርጓሜው አንርቅም።

ስለዚህ ማኅበር ለመጻፍ ያነሣሣኝ፥ ከወጣቶች ብዙዎቹ «ደግ ለመሆን ሃይማኖት ምን ያስፈልጋል?» ሲሉ መስማቴ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በባዶ ከመከራከር ይልቅ፥ ነገሩን በሥራ የሞከሩትን ሰዎች መመርመር ይሻላል።

መሥራቹ ፊሊክስ አድለር በ1851 ዓ. ም. በጀርመን አገር ተወለደ። አባቱ በኒውዮርክ ኢማኑኤል የሚባለው ታላቅ ምኵራብ ረቢ ስለ ነበሩ፥ ልጁም የእርሳቸውን ወንበር ይወርሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በጀርመን ተምሮ ሲመለስ በ1873 ዓ. ም. በዚያው ምኵራብ ስለ ወደፊቱ የአይሁድ ሃይማኖት ሰበከ፤ ሰሚዎቹ ግን በስብከቱ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አለመጠራቱን ልብ አሉ። ወንበሩም ቀረበት። በግንቦት 1876 ዓ. ም.፥ ገና የ24 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፥ ማኅበሩን አቆመ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰዎች ስለ እምነት ተከራክረው አልተስማሙም፤ ድኻ መታከም እንዳለበት ግን ይስማማሉ፤ እንግዲያስ ከተስማሙበት ይጀምሩ።

ጀመሩም። በ1877 ዓ. ም. ወደ ድኾች ቤት እየሄዱ የሚያስታምሙ ነርሶችን ላኩ። በ1878 ዓ. ም. ያለ ክፍያ የሚያስተምር የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1880 ዓ. ም. ደግሞ ለሠራተኞች ልጆች ከንባብ ጋራ የእጅ ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1904 ዓ. ም. ሕፃናት በፋብሪካና በማዕድን ጒድጓድ እንዳይሠሩ የሚታገል የአገር ኮሚቴ ሲቋቋም አድለር ሊቀ መንበር ሆነ። በዚህ ሥራ ላይ እንከን ፈልጌ አላገኘሁም። ብዙ የጸለዩ ሰዎች ያላደረጉትን አድርገዋል።

የምነቅፈው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ያ ለሠራተኛ ልጅ የተከፈተ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያጥረው ከፋይ ተማሪዎችን ተቀበለ፤ ስሙንም ለወጠ። ዛሬ በኒውዮርክ ካሉት ውድ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ የዓመቱ ክፍያ ከ50,000 ዶላር ይበልጣል። አቅም ለሌላቸው አንዳንድ ልጆች እርዳታ መስጠቱን አልክድም። የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ሆነዋል የሚል ቢኖር፥ እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ በሃይማኖቱ ቤት ድኻው «ይህ መጽሐፋችሁ የሚለው አይደለም» ብሎ የሚወቅስበት ቃል አለው። መጽሐፍ የሌለውን ማኅበር በምን ይወቅሰዋል?

ደግሞ ስለ ግዴታ ላንሣ። የእኛ እድር ብዙ ጊዜ ክርስቲያኑንና እስላሙን ባንድነት ይይዛል፤ ስለ እምነትም አይጠይቅም። በዚህስ ከአድለር ሐሳብ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያልከፈለ ይጠየቃል። በኒውዮርኩ አዳራሽ ንግግሩን ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሰው ከኅሊናው በቀር የሚይዘው የለም። ኅሊና ደግሞ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሲዘንብ ከቤት መውጣት እንደማይወድ ታውቃለህ።

አድለር ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ማንኛውም ሰው የማይደፈር ክብር አለው የሚለውን ሐሳቡን መሠረት ሊያበጅለት ደክሟል፤ በ1918 ዓ. ም. ያሳተመው ትልቅ የፍልስፍና መጽሐፍም የዚህ ድካም ፍሬ ነው። ግን አባላቱን በዚያ አላሰራቸውም። ነጻነታቸውን ማክበሩን አደንቃለሁ፤ መሠረቱን ከቤቱ ውጭ መተዉን ግን አልደግፍም።

«ነርሶቹ ደረጃ የወጡት መጽሐፉ ከመታተሙ 41 ዓመት አስቀድሞ ነው፤ ታዲያ መሠረት ለምን አስፈለጋቸው?» የሚለኝ ይኖራል። ጥሩ ክርክር ነው። ነገር ግን አድለር ራሱ የረቢ ልጅ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ አባላትም ብዙዎቹ ከምኵራብ የመጡ ነበሩ። ለድኻ መስጠት ግዴታ መሆኑን የተማሩት ከአዳራሹ አይደለም፤ ይዘውት ገቡ እንጂ። እኔ ላውቀው የምፈልገው ምንም ሳይዝ በአዳራሹ ውስጥ ተወልዶ ያደገውን፥ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ትውልድ ነገር ነው፤ ጎረቤቱ በሌሊት ታሞ ሲጠራው ማን ነው የሚያስነሣው?