አማርኛ ስለምትችሉ ብቻ

የማስተርስ ተማሪ ስታዥ እንዴት እንደሚፈልግ የሚመክሩ ወረቀቶችን ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ዩኒቨርሲቲዎች ያድሏቸዋል፣ የሥራ አማካሪዎች ስብሰባ ጠርተው ያስተምሯቸዋል። ምክሮቹ መጥፎ አይደሉም። ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ኮሮት ሃይም በአንድ ገጽ ጻፉ፣ የምታውቁትን ሰው ሁሉ ጠይቁ ይላሉ። ከዚያ ሁሌም የማትቀር አንዲት ምክር አለች፦ ከሌላው የሚለያችሁን ነገር አስቀድሙ። የእኔ ትችት እዚህች ምክር ላይ ነው። ከእኛ ማኅበረሰብ የወጣ ተማሪ ምን እንደሚያስቀድም እናውቃለን። አማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ በር ይከፍታል፤ ግን የሚከፍተው በር ሁልጊዜ ያው አንድ በር ነው።

"የምታውቁትን ጠይቁ" የምትለዋን ቶሎ ልለፋት፣ ስለ ፕሮቴክትስያ ብዙ ተብሏልና። ወላጆቹ ከመርካዝ ክሊታ ወጥተው በጽዳትና በፋብሪካ የኖሩ ልጅ ጠበቃ አጎት የለውም። ያለው የጦር ሠራዊት ጓደኛ ነው፣ እሱም እንደ ዩኒቱ።

ብዙ ያልተባለው ስለ ቋንቋው ነው። አንድ የሬቫሃ ቢሮ፣ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ወይም የጥናት ቡድን "አማርኛ የሚችል ተማሪ እንፈልጋለን" ሲል ደስ ይለናል። በመጨረሻ የሚፈልገን ሰው ተገኘ እንላለን። ግን ማንን ነው የፈለገው? ምርመራ መጻፍ የምትማረውን ተማሪ ነው ወይስ ደመወዝ የማይከፈላትን አስተርጓሚ?

እኔ የምማረው የሕዝብ ጤና ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የተቀበለኝ የመጠይቅ መረጃ እንድተነትን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት "አንዲት እናት መጥተዋል፣ ለአንድ ደቂቃ ትመጪ?" ተባልኩ። ያቺ አንድ ደቂቃ አላለቀችም። ከ12 ሳምንት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የተነተንኩበት ጊዜ ሦስት ሳምንት አይሞላም። የቀረው በስልክና በበር ላይ አለቀ። ጥሩ አስተረጎምኩ? የሚያውቅ የለም፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት ከእኔ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ልምምድ ማለት ደግሞ የሚያርምህ ሰው ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፦ "ምነው፣ የገዛ እናቶቻችሁን መርዳት ከበዳችሁ?" አልከበደንም። እንዲያውም እምቢ ማለት የማንችለው ለዚህ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ ሴትዮ "ልጄ" ብለው ሲጠሩህ "ይህ በሥራ ዝርዝሬ የለም" አትልም። መሥሪያ ቤቱም ይህን ያውቃል፤ ይሉኝታችን ለእሱ በጀት ይቆጥብለታል።

የሚጎዳው ግን ተማሪው ብቻ አይደለም። የሴትዮዋ ሁለተኛ ጥያቄ "የማን ልጅ ነሽ?" ነው። እስከ ሰባት ትውልድ ዘር በሚቆጥር ማኅበረሰብ ውስጥ ጥያቄው ጨዋታ አይደለም። አያቴን ካወቋቸው በኋላ ባላቸው ስለሚያደርስባቸው ነገር በእኔ አፍ ለሐኪም ይናገራሉ? አይናገሩም። "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፣ እኔም በዕብራይስጥ ያንኑ እላለሁ፣ ፋይሉ ይዘጋል።

ሌላም አለ፣ እርስ በርሳችን እንድንነጋገርበት የምፈልገው። የብዙዎቻችን አማርኛ የማዕድ ቤት አማርኛ ነው። ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፣ እንግዳ ሰላም በል። አንድ ሽማግሌ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ቢሉ፣ እዚህ የተወለደ ተማሪ "ሆዳቸውን ያማቸዋል" ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም። ሰውየው ግን የተናገሩት ስለ ሐዘናቸው ነበር፣ የሚላኩት ወደ ጨጓራ ሐኪም ነው። ትርጉም ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ለዚህ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲያመቻቹ ያዛል። ለሕክምና በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉምም በዚህ አገር አለ። ግዴታው የተቋሙ ሆኖ ሳለ ሸክሙን የምትሸከመው ለሁለት ነቁዶት ዝኹት የመጣች ተማሪ ናት።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ተወላጆችን በሕዝብ አገልግሎት ውስጥ ለማካተት ሕግ ወጥቷል። ጥሩ ሕግ ነው፣ በእሱ የተቀጠሩ ሰዎችም አውቃለሁ። ነገር ግን ስንቶቻችን እንደገባን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ገብተን የት ወንበር ላይ እንደተቀመጥን መጠየቅ ሌላ ነው። ስታዡን ሙሉ በ"ማኅበረሰቡ ጉዳይ" ያሳለፈ ሰው ሲመረቅ ቀጣዩ ቀጣሪም ለዚያው ይፈልገዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ወደ አሜሪካ በጄ-1 ቪዛ ለስታዥ የሚሄድ ተማሪ ዲኤስ-7002 የሚባል ቅጽ ይሞላል። ምን እንደሚማር፣ በየትኛው ምዕራፍ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው ሳይጻፍና ተማሪው፣ ተቀባዩ ድርጅትና ስፖንሰሩ ሳይፈርሙ አይሄድም። የጸሐፊነት ሥራ ከጊዜው ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም። አሜሪካ ገነት ናት እያልኩ አይደለም፤ ደንቡን የሚጥስም አይጠፋም። ግን ወረቀቱ ስላለ "አንዴ ትመጪ?" ስትባል የምታሳዪው ነገር አለሽ። እኔ በገባሁበት ቦታ ስለ ሥራዬ የተጻፈው ሁለት መስመር ኢሜይል ነበር።

ስለዚህ ምክር ሰጪዎቹ ያልጻፉትን እኔ ልጨምር። ከመግባታችሁ በፊት ሥራው በጽሑፍ ይሁን፦ በሳምንት ስንት ሰዓት በሙያችሁ፣ ስንት ሰዓት በሌላ ነገር፣ ሃድራኻ የሚሰጣችሁ ማን ነው፣ በየስንት ጊዜው። ትርጉም ከፈለጉ ለብቻው ይቆጠር፣ ለብቻው ይከፈል። የዲግሪው አካል የሆነ ፕራክቲኩም ደመወዝ ላይኖረው ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን "በጎ ፈቃደኛ" ብለው ስለጠሯችሁ ብቻ በጎ ፈቃደኛ አትሆኑም፤ የሥራ ፍርድ ቤት የሚያየው ስሙን ሳይሆን ግንኙነቱን ነው። በ1987 የወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ቢፈርም እንኳ መብቱ እንደማይሰረዝ ይናገራል። ከኢትዮጵያ ለትምህርት ለመጡት ነገሩ ይጠብባቸዋል። የተማሪ ቪዛቸው ሥራ ስለማይፈቅድላቸው ከመስማማታቸው በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ቢጠይቁ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አፍ ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። ያደግነው ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል እየተባለ ነው። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ያሉትም ግን እነዚያው የእኛ ሰዎች ናቸው።

አንዲት የማውቃት የሕግ ተማሪ አማርኛን ከኮሮት ሃይሟ ሰርዛዋለች። ለስታዥ ቃለ መጠይቅ በገባች ቁጥር ስለ ውል ሕግ ሳይሆን ስለ ወላጆቿ መንደር ይጠይቋት ነበር። አልፈርድባትም፣ ግን እኔ አላደርገውም፤ አባቴ ሲሰማ ምን ይላል? እኔ አማርኛን ትቼ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሬአለሁ፦ ትርጉም፣ በተለየ ስምምነት። እስካሁን ሁለት ቦታ ስለዚህች መስመር ጠይቀውኛል። አንደኛው ጋ ውይይቱ እዚያው ላይ አለቀ። ሁለተኛው ገና መልስ አልሰጠኝም።