መሣሪያውና የሚያነበው ሰው

ስለ ነዳጅ ዘይትና ስለ ተፈጥሮ ጋዝ በተማሪዎች መካከል ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ አሳብ ሳይነገር አይቀርም። ይኸውም የጎደለን መሣሪያ ነው፤ ከውሃ በታች የሚያይና ምድርን የሚሰረስር መኪና ቢኖረን ኖሮ ሀብታችንን ባወጣን ነበር የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሳብ መመርመር ነው። አሳቡ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም እውነቱን የሚናገረው በግማሽ ነው፤ የመሣሪያ ዋጋ የሚታወቀው የሚሰጠውን ቁጥር አጣርቶ በሚያነበው ሰው ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ጥልቀት ልኬት እንመልከት። መርከበኞች በጥንት ጊዜ ጥልቀትን የሚለኩት እርሳስ የታሰረበት ገመድ እየጣሉ ነበር። በኋላ ግን ድምፅን ወደ ታች ልኮ ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚቆጥር መሣሪያ ተፈለሰፈ። ሜቴዎር የተባለችው የጀርመን መርከብ ከ1925 እስከ 1927 በደቡብ አትላንቲክ ከ60,000 ጊዜ በላይ በዚህ ዘዴ ለክታለች። ነዳጅ ፈላጊዎች ከባሕር ወለል በታች ያለውን የድንጋይ ንብርብር የሚመረምሩትም በዚሁ በማሚቶ ነው።

ሆኖም መሣሪያው የሚለካው ጊዜን እንጂ ጥልቀትን አይደለም። ቡራዩ አጠገብ እንዳለው እንደ ገፈርሳ ባለ ግድብ ላይ ማሚቶው በ0.01 ሴኮንድ ተመለሰ እንበል። መሣሪያው በባሕር ልማድ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ተብሎ ከተስተካከለ ጥልቀቱ 7.50 ሜትር ይሆናል። ነገር ግን 16 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ድምፅ የሚሄደው በሴኮንድ 1,470 ሜትር ያህል ስለሆነ እውነተኛው ጥልቀት 7.35 ሜትር ነው። የ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም በግድቡ ስፋት ሲባዛ ብዙ ደለል ይደብቃል። ስሕተቱም የመሣሪያው ሳይሆን የሰውየው ነው።

በነዳጅ ጉድጓድም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጄምስ አበርክሮምቢና ሃሪ ካሜሮን በ1922 በቴክሳስ የሠሩት የፍንዳታ ማገጃ የጉድጓዱን አፍ በኃይል የሚዘጋ ትልቅ ፈጠራ ነው። ዳሩ ግን ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በማኮንዶ ጉድጓድ ላይ ፍንዳታ ደርሶ 11 ሠራተኞች ሲሞቱ፥ ማገጃው በባሕሩ ወለል ላይ ተተክሎ ነበር። በውስጡ ያለፈው ቧንቧ በግፊት ጎብጦ ከመካከል በመውጣቱ ስለቱ ቆርጦ ሊዘጋ አልቻለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ከፍንዳታው ጥቂት ሰዓቶች በፊት በተደረገው ፈተና ዜሮ መሆን የሚገባው የቧንቧው ግፊት 1,400 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ማሳየቱ ነው። መለኪያው ተናገረ፤ ሰዎቹ ግን ለቁጥሩ ምክንያት ፈጥረውለት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በኦጋዴን በካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1973 በአሜሪካዊው በቴኔኮ ኩባንያ ነው። ከዚያ በኋላ የሶቪየት ባለሙያዎች ሰረሰሩ፤ በመጨረሻም በኦክቶበር 2025 በቻይና ኩባንያ የተሠራው የጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያ ክፍል ተመረቀ። እንግዲህ መሰርሰሪያ ከገባ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታልና መሣሪያ የለም የሚለው ክርክር ብቻውን አይበቃም። ጋዝ በተቀዳ መጠን የማከማቻው ድንጋይ ግፊት ይቀንሳል፤ የግፊቱን መውረድ ከተቀዳው ጋዝ ጋር እያስተያየ የሚመዘግብ ሰው ምን ያህል እንደቀረ መገመት ይችላል። ይህን ስሌት ራሳችን ካልሠራን ግን የገዛ ሀብታችንን ልክ ከሌላ ሰው አፍ እንሰማለን።

ልምምዱን ለመጀመር ኦጋዴን ድረስ መሄድ አያሻም። በሰበታና በሱሉልታ የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ የውሃቸውን ከፍታ በየወሩ በገመድ ለክቶ መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በገፈርሳም በትንሽ ጀልባ የግድቡን ወለል መለካትና የውሃውን ሙቀት አብሮ መጻፍ በተማሪ አቅም የሚሠራ ነው። የመምህራኖቻችን ፈቃድ ቢሆን፥ ከፈተና ወረቀት ላይ ቀመር ይልቅ በገዛ እጃችን የለካነውና የተጠራጠርነው አንድ ቁጥር የበለጠ ያስተምረናል። መኪናው በገንዘብ ይገዛል፤ ቁጥሩን የሚጠራጠር መሐንዲስ ግን ከገበያ አይገኝም።