የቅጂው ስም

የሌላውን ሥራ መልክ ቀድቶ የተሠራ ዕቃ የጥበብ ክብር ይገባዋልን? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓን የተሠሩት፣ የአሜሪካኖቹን የጊብሰንንና የፌንደርን መልክ የቀዱት የኤሌክትሪክ ጊታሮች ይህን ጥያቄ ያስነሣሉ። ዛሬ እነዚህን አሮጌ ጊታሮች ፈልጎ ገዝቶ የሚያድስ ብዙ ነው።

የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 የአይባኔዝን የአሜሪካ አከፋፋይ በጊታሩ ራስ ቅርፅ ምክንያት ከሰሰ፤ ክርክሩም በ1978 በስምምነት ተዘጋ። ይሁን እንጂ ፌንደር በ1982 ከጃፓን ኩባንያዎች ጋር ሽርክና ገብቶ ጊታሮቹን ያሠራው በማትሱሞቶ በሚገኘው በፉጂጄን፣ ማለትም የአይባኔዝን ቅጂዎች በሠራው ፋብሪካ ነበር። የቀጂዎቹ እጅ መሠልጠኑን ከዚህ የበለጠ ምን ይመሰክራል?

እንግዲህ አዳሹ ሲገዛ ከቀለሙ ማማር ይልቅ የአንገቱን መቃናት ይመርምር። ያለቀውን ፍሬት ይለውጥ፤ የሚንኮሻኮሸውን የድምፅ ማስተካከያ ያጽዳ። አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ግን፣ የጊብሰኑ በሙጫ የተያያዘ ነው ብሎ አያጣብቀው፤ ብሎኑ የትውልዱ ምልክት ነውና። ከሁሉ የከፋው በጊታሩ ራስ ላይ የተጻፈውን የጃፓን ስም ፍቆ የአሜሪካውን መለጠፍ ነው። ቅጂው መልክ ቀዳ እንጂ ስሙን አልደበቀም፤ እንዲህ ያለው አዳሽ ግን ሠሪው ያልፈጸመውን ሐሰት ይፈጽማል።